«ለ» የሚል ጠርሙስ

ጥር 12

ቤተ ሙከራ ውስጥ ቅጠል ስፈጭ ዋልኩ። ፀጉሬም፣ ልብሴም፣ ምሳዬም ቅጠል ቅጠል ሸተተ። እማዬ በር ስትከፍትልኝ ወደ ውስጥ ዞራ «ፍየሏ መጣች» አለች። ለማን እንደምትናገር እንጃ፤ ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው የለም።

የተፈጨውን አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ለጥቂት ቀን ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። ከዚያ ማጥለል፣ አልኮሉን ማትነን... መጨረሻ ላይ ከአንድ ጆንያ ቅጠል አንዲት ብርጭቆ የማትሞላ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ትቀራለች። አራት ዓመት የለፋሁት ለእሷ ነው። ጭንቀት ታስታግሳለች ብዬ። ታስታግሳለች? እስካሁን የማውቀው እጅ እንደምታቆሽሽ ነው።

አለቃዬ ብቅ ብለው ዝፍዝፉን አዩት። «ባለፈው የጭንቀት መድኃኒት ፈልጊ ብልሽ የእንቅልፍ መድኃኒት ይዘሽ መጣሽ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ በጥርሴ ብቻ። ባለፈው የመድኃኒቱ ልክ በዝቶ የሙከራ አይጦቹ ሁሉ እንዳንቀላፉ አልክድም። አሁን ቀንሻለሁ። ሊወጡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይሄም ካልተሳካ ሰኔ ላይ ክፍሌን ለሌሎች ተመራማሪዎች እንደሚሰጡ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ጥር 15

ለእማዬ ክር ገዝቼ ገባሁ። እንደ ልማዴ ተሳሳትኩ። «ይሄ ሰማያዊ ነው? ዓይንሽን ለአይጥ ጨረስሽው» አለችኝ። የክር ሱቁ እኮ ከበራችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። በመስኮት ይታያል። እማዬ ግን ከግቢው በር ካለፈች ሁለት ዓመት ሆናት።

ያኔ ጨርቅ ልትገዛ ሄዳ ገበያ መሀል ትንፋሽ አጠራት። ልቤ ልትወጣ ነው አለች። ሰው ደግፎ አመጣት። ልቧ ተመረመረ፤ ጤነኛ ነው ተባለ። «ጤነኛ ከሆነች ምን ያስደልቃታል?» ብላ ሐኪሙን ጠየቀችው። ጭንቀት ነው ቢላት ተቀየመችው። ከዚያ ወዲህ በሩ ድንበሯ ሆነ። ደንበኞቿ ልብስ ለማሰፋት እዚሁ ይመጡላታል፤ ትለካለች፣ ትሰፋለች፣ ታሾፋለች። የታመመች አትመስልም። በር ድረስ ስትሸኛቸው ግን እጇ መዝጊያውን አይለቅም።

የአይጦቹን ሙከራ አንድ ቀን አስረድቻት ነበር። ከመሬት ከፍ ያለ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጣውላ ነው። ሁለቱ ክንዶች ግራና ቀኝ ግድግዳ አላቸው፤ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። የፈራች አይጥ ግድግዳው ሥር ትወሸቃለች። የተረጋጋች ወደ ገላጣው ትወጣለች። እኔ ቪዲዮውን እያየሁ ገላጣው ላይ ምን ያህል እንደቆየች እለካለሁ። ይኸው ነው።

«እና እኔ የትኛዋ ነኝ?» አለች።

ሻይ ማማሰል ጀመርኩ። ስኳር እንኳ አልጨመርኩም ነበር።

የካቲት 3

ደረሰ። ጥቁሯ ዝልግልግ ተመዘነች። ከዚህ በኋላ ሥራው የጭምት ነው። መድኃኒት ቀማሚያችን ነው። ጭምት ያልነው እኛ ነን፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው።

አራት ጠርሙስ አዘጋጀ። ሁለቱ የኔ ቅጠል ናቸው፤ አንዱ ትንሽ ልክ፣ አንዱ መካከለኛ። አንዱ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የታወቀ የጭንቀት መድኃኒት። አንዱ ውሃ። እንዳይለዩ አራቱም ላይ የተቃጠለ ስኳር ጨመረባቸው፤ ሁሉም ጠይም፣ ሁሉም መራራ። በላያቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ጻፈ። የቱ ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ ለኪዋ ስለሆንኩ ማወቅ የለብኝም። ባውቅ ዓይኔ ለልጁ ያደላል። የአንዱን ጠርሙስ ምንነት እንኳ ካወቅኩ ሙከራው ተበላሸ ማለት ነው፤ ሌላ ቅጠል እስኪደርስ ደግሞ ሰኔ ያልፋል።

አለቃዬ አንድ ልማድ አላቸው። ምስጢሩ የሚፈታው አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ለኪው ውጤቱን ተናግሮ ሲጨርስ ነው። ብትኮራም በአደባባይ፣ ብታፍርም በአደባባይ።

ጭምትን በቀልድ «ሀ የኔ ነው?» አልኩት። መነጽሩን ጠረገ። መልሱ እሱ ነበር።

የካቲት 7

የክፍላችን ማቀዝቀዣ ሞተች። የጎረቤት ክፍሎች ማቀዝቀዣዎች በደም ናሙና ተሞልተዋል፤ ጠጋኙም ከማክሰኞ በፊት አልመጣም አለ። እስከዚያ ጠርሙሶቹ እኔ ቤት ይደሩ ተባለ። ጭምት እስከ በር ሸኘኝ። ልጁን የምወስድበት ነው የሚመስለው።

ከቲማቲሙ ጀርባ ደረደርኳቸው። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«ይሄ ነው የጭንቀቱ?»

«ነው። ግን የአይጥ ነው።»

«ለአይጥ ሰጥተሽ ለእናትሽ ትነፍጊያለሽ?»

አስረዳኋት። ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና አይታወቅም፤ ቢሳካ እንኳ ገና ስንት ዓመት ጥናት ይቀረዋል... ራሷን ነቀነቀች። መስማማቷ ነው ብዬ ሄጄ ተኛሁ። ዕድሜ ልኬን አብሬያት ኖሬ የሷን ራስ መነቅነቅ አምናለሁ?

የካቲት 9

እማዬ ስትሰፋ ታንጎራጉራለች። ምን ተገኘ?

የካቲት 11

ከየት እንደምጀምር እንጃ። ልሞክር።

ጠዋት ጠርሙሶቹን ልወስድ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። «ለ» ከአንገቱ ወርዷል። ዞሬ ሳያት እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «በቀን አንድ ማንኪያ ብቻ ነው» አለች። ከቅዳሜ ጀምራ፣ ጠዋት ጠዋት። ለምን «ለ»ን? ፊት ለፊት ያገኘችው እሱን ነው። ምን ምን ይላል? የተቃጠለ ስኳር። እሱማ ሁሉም ላይ አለ፤ ምንም አይነግረኝም።

ቅጠሉ ቢሆንስ? ሰው ቀምሶት አያውቅም። የታወቀው መድኃኒት ቢሆንስ? ለግፊቷ ከምትውጠው ኪኒን ጋር ምን ያደርጋል? የሠራሁት እኔ፣ ቤት ያመጣሁት እኔ...

ለጭምት ደወልኩ። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጣ። በሩ ላይ ያዝኩት።

«ለ ምንድን ነው?»

«ከነገርኩሽ ሙከራው አለቀ።»

«ይለቅ። እናቴ ናት።»

አፉን ከፈተ። በእውነት ሊነግረኝ ነበር። እማዬ መቀሷን እንደያዘች ከውስጥ ወጥታ መሀላችን ቆመች። አራት ዓመት የለፋሽበትን በኔ ማንኪያ አላበላሽም አለች። ሐኪም ካስፈለገ ለሐኪም ይንገር። «ለሷ ግን እንዳትነግራት» አለችው። መቀሱ ወደሱ ነበር የዞረው።

ጭምት በዓመት የሚናገረውን ባንድ ጊዜ ተናገረ። ደህና ናቸው ብልሽ «ለ» ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ አይደሉም ብልሽም ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ እንሂድ፣ እኔ ለሐኪም ብቻ እነግራለሁ፣ የሚያሰጋ ከሆነ ሐኪሙ ይነግርሻል አለ።

እሺ፣ እንሂድ። እማዬ? ከበር ወዲያ? መኪና ልጥራ ብል መኪና ይብስብኛል፣ በእግር ይሁን አለች። በሩን ልቆልፍ... ቁልፍ የለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ይዤ ወጥቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ እሷ ቤት አለቻ። ከስፌት መኪናው መሳቢያ ከመርፌና ከክር መሀል አውጥታ ሰጠችኝ። ቁልፉ ቀዳዳውን አልገባም አለ፤ ጥፋቱ የእጄ ነው። ከእጄ ወሰደችና ራሷ ቆለፈች። ከዚያ እጄን ያዘች። መንገዱን ተሻገርን። «ቀስ በይ፣ ተንፍሺ» ትላለች። ለራሷ መስሎኝ ነበር። ለኔ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ጭምት ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አላት። እማዬን ይዛ ገባች፣ እኔን ውጭ አስቀመጠችኝ። ስትወጣ «የሚያሰጋ ነገር የለም። ግን ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ከነገ ወዲያ ይምጡ፤ በእግራቸው» አለችኝ።

የሚያሰጋ ከሌለ ለምን ክትትል? ጭምትን አየሁት። መነጽሩን ይጠርጋል።

ሐኪሟ ታውቃለች። ጭምት ያውቃል። እኔ ብቻ አላውቅም።

የካቲት 13

ለቀጠሮው ወጣን። ዛሬ እኔ ደህና ነኝ፤ እማዬ ግን ከበሩ ትንሽ እንደራቅን ቆመች። ግንባሯ አላበው። እንመለስ አልኳት። «ቀጠሮ ነው» አለች። ደንበኛ ቀጥራ አፍርሳ አታውቅም፤ ሐኪሟንም እንደ ደንበኛ ነው የያዘቻት። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን ደረስን።

ሐኪሟ ፍርሃት ሲመጣ እንዴት እንደሚተነፈስ እያስተማረቻት ነው። ልጅዎ ከምታመጣው ሁለተኛ ምንም እንዳይቀምሱ ብላም አስምላታለች። እማዬ ማለች። ደግሞ ራሷን ነቀነቀች...

የካቲት 24

ሙከራው ተጀመረ። ጭምት «ለ»ን እንደ አዲስ ሞልቶ ሠርቶታል። አይጦቹን አንድ በአንድ ጣውላው መሀል እናስቀምጥና መጋረጃ ጀርባ እንገባለን። የ«ለ»ዎቹ እንደ ተለቀቁ ወደ ግድግዳው ሮጡ። የ«መ»ዎቹም። በሙሉ እንዲህ ከሆኑስ? የሌሎቹ ተራ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

መጋቢት 1

የ«ሀ»ዎቹ ወጡ። ገላጣው ላይ እንደ ሽማግሌ ሲያዘግሙ ዋሉ። ቅጠሌ ይሆን? ጭምት አጠገቤ ነበር። ፊቱን አየሁት። ግድግዳውን ባይ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 6

«ሐ»...

አንዷ ነጭ አይጥ። መጀመሪያ አፍንጫዋን ከግድግዳው አሳለፈች፣ ከዚያ አንድ እግር። ተመለሰች። ደግሞ ወጣች። ገላጣው ክንድ ጫፍ ድረስ ሄዳ ወደ ታች አየች። አሁን ትሸሻለች አልኩ። አልሸሸችም። እዚያው ጫፉ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ታጠበች። ዘና ብላ፣ ጆሮዋን ሳይቀር። አይጥ የፈራችበት ቦታ ፊቷን አትታጠብም።

ቪዲዮውን ብቻዬን ደግሜ እያየሁ አጨበጨብኩ። የጽዳቷ ሴትዮ በሩን ከፍታ አየችኝና ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

መጋቢት 12

የዘንጉ ፈተና። ዘንጉ ይሽከረከራል፣ አይጧ ላዩ ላይ ትራመዳለች። ያንቀላፋች ትወድቃለች። የ«ሀ»ዎቹ እንደ በሰለ ፍሬ ጠብ ጠብ አሉ። የ«ሐ»ዎቹ ተራመዱ። ዘንጉ እስኪቆም።

የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ሁለቱም ያስወጣሉ፤ አንዱ ግን ያፈዛል። የታወቀው መድኃኒት ከሁለቱ አንዱ ነው። የኔስ? ባለፈው ያስተኛው የኔው ቅጠል ነበር። «ሀ» የኔ ከሆነ ክፍሌን ተሰናብቻለሁ፣ አለቃዬም ቀልዳቸውን አዳራሽ ውስጥ ይደግሙታል። «ሐ» የኔ ከሆነ ግን... አልጽፈውም። ከተጻፈ ይሸሻል።

መጋቢት 16

እማዬ የጭምትን የሥራ ጋውን እራፊ ለጥፋ ጠግናለታለች። ሊወስድ መጣ። ወጥ ቤት ሆኜ ሲያወራ ሰማሁት። ጭምት፣ ሲያወራ! ስለ ልጅነቱ፣ ስለ እግሩ ስብራት፣ ምን የማይለው አለ። ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ። ቀናሁ።

መጋቢት 19

እማዬ የክር ሱቅ ሄደች። ብቻዋን።

በመስኮት ነው ያየኋት። መንገዱ ዳር ቆማ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል፤ እየተነፈሰች ነው። ተሻገረች። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። ስትመለስ ክሩን ፊቴ አስቀመጠችና «ሰማያዊ ማለት ይሄ ነው» አለች። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ ማሰብ አልተውኩም። «ለ» አይጦቹን ከግድግዳ አላላቀቀም። ስለዚህ ወይ ውሃው ነው፣ ወይ የቅጠሌ ትንሿ ልክ። ትንሿ ልክ ትሆን? አይጥ ላይ ያቃታት እናቴ ላይ ሠርታ? አራት ማንኪያ፣ ያውም ከአንድ ወር በፊት? ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ተመራማሪ ነኝ ትያለሽ። ግን ደስ ይለኝ ነበር። ቅጠሌ እናቴን አወጣት ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ሚያዝያ 9

ከነገ ወዲያ አዳራሽ። ምሳ አልበላሁም። እማዬ አንድ ወይን ጠጅ ቀሚስ እየጨረሰች ነው። የማን ነው ብላት የአንዲት ነዝናዛ ደንበኛ አለችኝ።

ሚያዝያ 11

ሁሉንም ልጻፈው። ምንም አይቅርብኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። ክፍሌን የሚጠብቁት ሰዎች ፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ሳያስቡ አልቀሩም። ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ የኋላው በር ተከፈተ። እማዬ። ወይን ጠጁን ቀሚስ ለብሳ። ነዝናዛዋ ደንበኛ ለካ ራሷ ናት። ብቻዋን፣ በአውቶቡስ፣ ከተማውን አቋርጣ መጥታለች። ጭምት ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

ድምፄ መጀመሪያ ቀጥኖ ነበር። ፊቷን የታጠበችውን አይጥ ሳሳያቸው ሰዉ ሳቀ፣ ያኔ ድምፄ መጣ። የ«ሀ»ዎቹ ይወጣሉ፣ ግን ይወድቃሉ አልኩ። «ለ»ና «መ» ግድግዳቸውን አይለቁም። የ«ሐ»ዎቹ ይወጣሉ፤ አይወድቁም። ጨረስኩ። ከዚህ በኋላ የኔ ነገር የለም።

አለቃዬ «ይፈታ» አሉ። ጭምት ቆመ።

«ሀ፣ የታወቀው መድኃኒት።»

ሰዉ ገና አልገባውም። እኔ ገባኝ። ያፈዘዘው የኔ አይደለም። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ለ፣ ውሃ።»

ዞሬ እማዬን አየኋት። አልደነገጠችም። እጅጌዋን ታስተካክላለች።

«ሐ፣ ቅጠሉ፣ መካከለኛው ልክ። መ፣ ቅጠሉ፣ ትንሹ» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እንደገና ተነሳና አጨበጨበ። አዳራሹ ተከተለው።

አለቃዬ እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙ። «ባለፈው አይጦቹ ተኙ ብዬ ስቄባት ነበር» አሉ። «ተኝቼ የነበርኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ የሷ ነው።»

አሸነፍኩ። ልድገመው፤ አሸነፍኩ። መንገዱ ገና ረጅም ነው፤ አይጥ አይጥ ነው፣ ሰው ሰው ነው፣ ሰው ላይ ደህና መሆኑ ገና ዓመታት ይጠናል። እሱን ነገ አስባለሁ። ዛሬ ደስታዬን ማንም እንዳይነካብኝ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ውሃ መሆኑን ታውቂ ነበር።»

«ሐኪሟ የዚያኑ ቀን ነግራኛለች።»

«ታዲያ ክትትሉስ?»

ሐኪሟን የለመነቻት እማዬ ራሷ ናት። ያን ቀን ከበሩ ስንወጣ አሁን ትደልቃለች፣ አሁን ትደልቃለች እያለች ልቧን ስትጠብቅ፣ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ደርሰናል።

«አንቺ እንደ ቅጠል ትንቀጠቀጫለሽ» አለችኝ። «ያንቺን እጅ ስይዝ የራሴን ፍርሃት የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። እንግዲህ አንዴ ከወጣሁ ተመልሼ ልቀመጥ? ቅጠሪኝ አልኳት። ቀጠሮ ካለ እወጣለሁ።»

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። የጎረቤት ወሬ እስከ እራት ማሳደር የማትችል ሴት ሁለት ወር ሙሉ!

«ብነግርሽ ታውቂዋለሻ። እንዳታውቂ አይደል የተባለው?»

ትከሻዋ ላይ ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። መውረጃችንን ያወቀችው እሷ ናት።

ሰኔ 2

አዲሱ ማቀዝቀዣ ክፍላችን ገባ። ጭምት በሩ ላይ «ወደ ቤት አይወሰድም» ብሎ ለጠፈበት። በጊዜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። ዝም። ቦርሳዬን በረበርኩ... ምን እፈልጋለሁ? ቁልፍ እኮ የለኝም። ባለሱቁ ከማዶ ሆኖ «ጨርቅ ገበያ ሄደዋል፣ ቆየት እላለሁ ብለዋል» አለኝ። ጨርቅ ገበያ። ያው ያ ገበያ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። ማካፋት ጀምሯል። ጃንጥላ ይዛ ይሆን? ገበያው ዛሬ ሰው ይበዛበት ይሆን? ልቤ ትንሽ ደለቀች። ቀስ በይ፣ ተንፍሺ አልኳት። ባለሱቁ ገብተሽ ተጠለይ ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ከመንገዱ ጫፍ ስትመጣ ላያት እፈልጋለሁ።

ነገ የራሴን ቁልፍ አስቀርጻለሁ።